ለአሮጌ ፒክአፕ ብር ከመላካችሁ በፊት

ሰሞኑን እዚህ ቨርጂኒያ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ሲንግል ጋቢና። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ቸርኬው ጥቁር ተቀብቷል። «አጎቴ አገር ቤት እያሳደሰው ነው ጋሼ። ሞተሩ ትንሽ ነገር ቀርቶታል፣ ብር ላክ ብሎኛል። ስንት ያወጣል ትላለህ?»

የሻንሲ ቁጥሩን ጠየቅኩት። አያውቅም። ሞተሩስ ምንድን ነው? አያውቅም። አጎትህ ራሱ ነው የሚነዳው? እሱንም አያውቅም። በደንብ የሚያውቀው የሚልከውን ብር ብቻ ነው።

28 ዓመት ውጭ ኖሬያለሁ። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ያሳዩኝን ሰዎች ብቆጥራቸው አንድ አውቶብስ ይሞላሉ። አንዱ ተሳፋሪ እኔ ነኝ። ስለዚህ ብቆጣችሁ አትቀየሙኝ።

1. ዋጋው ቀለሙ ላይ የለም

መጀመሪያ እዚሁ አሜሪካ አሮጌ ፒክአፕ ልትገዙ ለምታስቡ። «ሃይሉክስ» የሚል ጽሑፍ ፈልጋችሁ አትድከሙ። ቶዮታ ይህን ስም ለአሜሪካ ገበያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ትቶታል። ከዚያ እስከ 1995 ድረስ መኪናው «ፒክአፕ» ብቻ ተብሎ ተሸጠ፣ በኋላ ታኮማ ተተካ። (የዚህ አንቀጽ ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፣ ከዚህ በኋላ ያሉት የእኛ።) ሰው የሚሻማው 22አርኢ የሚባለውን ባለ 2.4 ሊትር ቤንዚን ሞተር ነው። በተለይ የ1985ቱ ባለ አራት ጎማ ነጂ ውድ ነው፤ የፊት አክሰሉ ድፍን ሆኖ ነዳጁ በኢንጀክሽን የሚሄደው በዚያ ሞዴል ነውና። በ1986 ድፍኑ የፊት አክሰል ቀረ።

ይህ ሞተር አይሞትም ይባላል። ውሸት ነው፣ አንድ ደካማ ጎን አለው። የታይሚንግ ሰንሰለቱን የሚይዙት ፕላስቲኮች ያልቃሉ። ሲሰበሩ ሰንሰለቱ ሽፋኑን እየፋቀ ይበሳዋል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። ከፊት በኩል ለጥቂት ሴኮንድ እንኳ የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ ዋጋ ቀንሱ፣ ወይም ሂዱ።

ሚኒሶታና እንደዚያ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ያላችሁ ደግሞ ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት ሥሩ ግቡ። ትንሽ መዶሻ ያዙና የኋላ ባሌስትራው (ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት) ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም መዶሻው ገብቶ ይቀራል። ሻንሲው የበሰበሰ መኪና እቃው ተፈትቶ የሚሸጥ ነው እንጂ የሚታደስ አይደለም። ለቦዲው ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ። ካልያዘ ከሥሩ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ፣ ማለትም የጉድጓድ መሙያ ልስን ነው። ይህ አዲስ አበባም ይሠራል። እዚያ ጨው የለም፣ ግን የስቱኮ ጠቢብ ሞልቷል።

አገር ቤት ዋጋውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። እዚህ መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። እዚያ እንዲያ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮት ወጣ። ስለዚህ «ለአሮጌ መኪና ይሄን ያህል?» ብላችሁ አትሳቁ። ደላላ የነገራችሁን ዋጋም ወንጌል አታድርጉት። የኮሚሽኑ ነገር ስለሆነ ደላላ ዋጋ ሲወርድ ደስ አይለውም።

2. ወረቀት

ውክልናችሁን በኤምባሲ ጨርሱ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን በዓይን አስፈትሹ፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፣ የሽያጭ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡ።

3. እቃ ፍለጋ

ከአሜሪካ ጀንክያርድ ፈትታችሁ በሻንጣ የምትወስዱ አላችሁ። አንድ ወዳጄ 23 ኪሎዋን በሙሉ በብረት ሞልቶ ሄዶ ግማሹን እዚያው ጥሎት መጣ። አልገጠመማ! ምክንያቱ ቀላል ነው። የመኪናው ሞዴል ኮድ ላይ የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩን ዘር ይናገራል። የአሜሪካዎቹ የዚያ ዘመን ፒክአፖች በአብዛኛው «አርኤን» ብለው ይጀምራሉ፣ ቤንዚን ናቸው። አገር ቤት የምታዩአቸው አብዛኞቹ «ኤልኤን» ናቸው፣ ናፍጣ። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የሚባሉት። የአንዱ ፒስቶን ለሌላው ጌጥ ነው።

ይልቅ ሜልቦርን ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣው (3ኤል ሞተር ያለው) ኤልኤን106 አውስትራሊያ እንደ ጉድ ተሽጧል። የሞተርና የካምቢዮ እቃ ውሰዱ። መሪ፣ ክሩስኮት (ዳሽቦርዱ)ና የፊት መብራት ግን አትንኩ። እዚያ መሪው በቀኝ ነው፣ መብራቱም ዝቅ ሲል ወደ ግራ ያበራል። የእኛ አገር መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ታጠፋላችሁ። ኤምሬትስ ያላችሁ ደግሞ ሻርጃ አለላችሁ። ለአፍሪካ ገበያ የሚፈታው ያገለገለ እቃ እዚያ ተቆልሏል። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና እቃ ገበያውን ሶማሌ ተራን የማያውቅ የለም። እዚያ ስትሄዱ አሮጌውን እቃ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ የምታምኑትን መካኒክ አስከትላችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ቁጥር። የቶዮታ እቃ ቁጥር አምስት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ደግሞ አምስት ነው። የፊተኞቹ አምስቱ እቃው ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። 90915 ካለ የዘይት ፊልትሮ ነው። 11115 ካለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ በሞተሩ ብሎክና በክዳኑ በቴስታታው መካከል ገብቶ የሚያሽገው። የኋለኞቹ ለየትኛው ሞተር እንደሆነ ይለያሉ። ሻንሲ ቁጥሩን ከያዛችሁ ማንኛውም ደህና የእቃ ሱቅ ይህን ቁጥር ያወጣላችኋል። ሻንሲ ቁጥር ከሌላችሁ የያዛችሁት ወሬ ነው።

በነገራችን ላይ ልጆቻችሁን ከጎናችሁ አድርጉ። የእኔ ልጅ አማርኛ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ልኬው አልገባው አለ። አንድ በጋ ኮፈኖ ከፍተን ስንሠራ ግን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ ሁሉንም ለቀመ። ግማሹ ጣሊያንኛ ነው ብትሉኝ ግድ የለኝም። «አባዬ ካንዴላውን አቀብለኝ» ብሎ በአማርኛ አዘዘኝ። አቀበልኩት።

4. ብሩ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

አባዬ ኤልኤን106 ነበረው። በ1986 ዓ.ም. ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ የገዛው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ አዲስ አበባ ያስገባ ነበር። አንድ ቶን ለምትጭን መኪና ምን ያህል ይጭንባት እንደነበር አልናገርም፣ ነፍሱን ይማር። እኛን አራት ልጆች ያስተማረች እሷ ናት።

በ2001 ዓ.ም. ደወለልኝ። እኔ ያኔ ዲሲ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ሁለት ፈረቃ። ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ ሲወጣ ሞተሩ ውሃ እያፈላ አስቸገረው። «አንተ ልጅ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ፈልግልኝ። እዚህ ያገኘሁት አልቆየልኝም፣ ኦሪጅናል እፈልጋለሁ» አለኝ።

«እሺ አባዬ፣ ብር እልካለሁ።»

«ብር አላልኩህም። ጓርኒሲዮን ነው ያልኩህ።»

መኪና ልታስገባ የተሰለፈች ሴት ጡሩምባ ትነፋብኛለች። እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር የቴስታታ ጓርኒሲዮን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። መጠየቅም አፈርኩ። በማግስቱ 400 ዶላር ላክኩ። ለእሱ አይደለም፣ ከተማ ላለው ለአክስቴ ልጅ፤ «አንተ ጉዳዩን ጨርስለት» ብዬ።

ከወር በኋላ በኢሜይል ፎቶ መጣ። መኪናዋ ተቀብታለች። አዲስ የወንበር ልብስ፣ አዲስ ቴፕ፣ መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ። የአክስቴን ልጅ ሌባ አልለውም። እሱ የገባው እንዲህ ነው፦ ልጁ አሜሪካ ያለ ሽማግሌ መኪናው ተልጦ ከታየ ሰው ምን ይላል? በተረፈው ብር ጓርኒሲዮን ተገዝቷል፣ ከአንድ ሱቅ፣ ርካሹ። እኔም ፎቶውን ለፓርኪንግ ጓደኞቼ እያዞርኩ አሳየሁ። ኮራሁ።

አራት ወር አልቆየም። እንደገና አፈላች። 600 ላክኩ። ለሦስተኛ ጊዜ 1,100። በመሃሉ አባዬ በስልክ ስለ መኪናው ማውራት ተወ። «ደህና ናት» ይለኛል። እኔም ደህና ናት ማለት ደህና ናት ማለት መሰለኝ።

አሮጌ መኪና ሲታደስ ተራው የታወቀ ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ራዲያተር፣ ከዚያ ሞተርና ካምቢዮ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ቀለም መጨረሻ ነው፣ ብር ከተረፈ። የታይሚንግ ቺንጋዋ መቼ እንደተቀየረች የሚያውቅ ከሌለ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። እነዚህ ናፍጣ ሞተሮች ላይ በ100 ሺህ ኪሎሜትር ትቀየራለች፣ ሩጫ ላይ ከተበጠሰች ቫልቩን ይዛው ትሄዳለች። ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው የገንዘብ ማስተላለፊያውን መደብር የሥራ ሰዓት ነበር።

እናንተም እንዲሁ ናችሁ፣ ዝም ልበላችሁ? ብር መላክ ሦስት ደቂቃ ነው። እቃ መፈለግ ግን ሃያ ጥያቄ መጠየቅ ነው። የትኛው ሞተር? መቼ ተፈታ? ማን ፈታው? አሮጌው የት አለ? ይህን ለመጠየቅ ከሰውዬው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ ፈረቃ አለብን። ስለዚህ እንልካለን። ልከን ስናበቃ ደግሞ «በሉን፣ ጨረሱን» ብለን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እናማለን። አንድም ቀን መካኒኩን በስም ጠርታችሁ አናግራችኋል? አንድ የተፈታ እቃ ፎቶ አስልካችኋል? የተቀባውን ሳይሆን የተፈታውን!

አባዬ በ2009 አረፈ። ለሰልስት ደረስኩ። መኪናዋ ከጓሮ ዋርካው ሥር ቆማለች። ጎማዋ ተኝቷል። ቀለሟ አሁንም ያምራል። ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ኮፈኖውን ከፈትኩና የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። የወጣው ዘይት የማኪያቶ መልክ አለው። ውሃ ገብቶበታል።

የጸሐይ መከላከያዋን ሳወርድ አንድ ያለፈ ሎተሪ ወደቀ። ከጀርባው በአባዬ እጅ ጽሑፍ የሻንሲ ቁጥር፣ ከሥሩ የሞተር ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ «ዲ» የምትል ፊደል። ክብ አድርጎባታል።

ምን እንደሆነች አልገባኝም። የሠፈሩን መካኒክ አሳየሁት። ገና ሲያያት ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን አቆመ። የ3ኤል የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሦስት ዓይነት ውፍረት አለው አለኝ። ቢ፣ ዲ እና ኤፍ። ፒስቶኑ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ አፍ ስንት እንደሚወጣ ይለካል፣ በዚያ ይመረጣል። ያለ ልክ የገባ አይቆይም። «እኔ ነኝ የለካሁለት። ልጄ ሲደውል እንድነግረው ብሎ አስጻፈኝ» አለኝ።

እኔ ደውዬ ነበር። ብሩ ደረሰህ ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ያ እቃ ያኔ ቢፈለግ ከመቶ ዶላር ብዙም አያልፍም ነበር። መኪናዋን ለአንድ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ሸጥናት። ቴስታታው ተሰንጥቆ ስለነበር ቀየረው፣ ዲ ጓርኒሲዮን ገጠመላት፣ ራዲያተሩን አጠበ። እስከ ዛሬ ትጭናለች። ሎተሪውን እኔ ወሰድኩት።

5.

ያንን ወጣት ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ አወጣሁትና «አሁን ደውል» አልኩት። እዚያ ነግቷል። አጎቱ አነሳ። ደህና አደርክ፣ እንዴት ነህ፣ ልጆቹስ፣ ሁሉም ተባለ። ከዚያ ልጁ እያፈረ የሻንሲ ቁጥሩን ጠየቀ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው።

አጎትዬው ትንሽ ዝም አለ።

«የሻንሲ ቁጥር? ቆይ፣ ደላላውን ልጠይቀው።»