ዋቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ጉልበቱን አስሉ

ልጆቼ፣ በአማርኛ «ኃይል» ስንል በኒውተን የሚለካውንም በዋት የሚለካውንም ማለታችን ነው። አዳማ ላይ ማሽን ለመሥራት የምትነሡ ወጣቶች መጀመሪያ የምትሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የኒውተኑን ጉልበት፣ የዋቱን ኃይል እያልኩ ልለያቸው። ሊኒየር ሞተር፣ ማለትም ከመዞር ይልቅ በቀጥታ መስመር የሚገፋ ሞተር፣ የሚመረጠው በጉልበቱ ነው። ቆሞ የሚገፋ ሞተር ፍጥነት ስለሌለው የሚሰጠው ኃይል ዜሮ ዋት ነው፤ ኮይሉ (የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ) ግን ይግላል።

8 ኪሎ የሚመዝን ተንሸራታች 30 ሳንቲ ሜትር ይሂድ እንበል። በ0.1 ሰከንድ 1 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፣ 0.2 ሰከንድ በዚያው ይጓዛል፣ በ0.1 ሰከንድ ይቆማል፣ ከዚያ 0.2 ሰከንድ ያርፋል። ለመነሣት 80 ኒውተን ይፈልጋል። ሰበቃውን ስታሰሉ ክብደቱን ብቻ አትያዙ። ኮሩ (ኮይሉ የተጠቀለለበት እምብርት) ብረት ከሆነ ማግኔቱ ተንሸራታቹን ወደ ሐዲዱ ይስበዋል፤ ስበቱ 800 ኒውተን፣ የሰበቃው ቁጥር 0.01 ቢሆን፣ ከክብደቱ ጋር ወደ 9 ኒውተን ይወጣል። ስለዚህ ሲነሣ 89፣ ሲጓዝ 9፣ ሲቆም ሰበቃው ስለሚያግዝ 71 ኒውተን። ከፍተኛው ኃይል 89 ዋት ነው።

ኮይሉን የሚያቃጥለው ግን ይህ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዱን ጉልበት በራሱ አባዙት፣ በቆየበት ሰከንድ አባዙት፣ ደምሩ፣ ለ0.6 ሰከንድ አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ 47 ኒውተን ይመጣል፤ ይህ አማካይ አርኤምኤስ ይባላል። ምርት ለመጨመር ብላችሁ ዕረፍቱን ብታስቀሩት 57 ይሆናል፣ ሙቀቱም በግማሽ ይጨምራል።

ለቀላልነት እንደ ዲሲ ሞተር እንያዘው፦ በ1 አምፒር 30 ኒውተን፣ ኮይሉ 4 ኦም። 47 ኒውተን 1.56 አምፒር ነው፤ አምፒሩን በራሱ፣ ከዚያ በኦሙ ስታባዙት ሙቀቱ 10 ዋት ገደማ። መዳቡ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 120 ዲግሪ ሲደርስ ኦሙ በ39 በመቶ ስለሚያድግ ወደ 14 ዋት ይጠጋል። የሞተር መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቀጭን አየር ደግሞ ሞተር በደንብ አያቀዘቅዝም። መጠባበቂያ ተዉ።

ያው 30 ለቮልቴጁም ያገለግላል። በ1 ሜትር በሰከንድ ሞተሩ ራሱ 30 ቮልት መልሶ ያመነጫል፤ ለ89 ኒውተኑ ኮይሉ ላይ 3 አምፒር ሲያልፍ 12 ቮልት ይጨመራል፣ ሲግል ወደ 17። ድምሩ 47 ቮልት! በ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ፍጥነቱ ጨርሶ አይደረስም፣ 48ም ትርፍ የለውም።

ሦስት ፌዝ ከሆነ መግለጫው አምፒሩን በአርኤምኤስ ይሁን በጫፍ (በሞገዱ ከፍተኛ ነጥብ) መስጠቱን እዩ፤ ልዩነቱ 1.41 እጥፍ ነው። ስትፈትኑት ተንሸራታቹን በስፕሪንግ ሚዛን ያዙትና 1 አምፒር ስጡት፤ 3 ኪሎ አካባቢ ማንበብ አለበት፤ የ9 ኒውተኑ ሰበቃ ግን እስከ 0.9 ኪሎ ሊቀንሰው ወይም ሊጨምረው ይችላል። ከ2 በታች ካነበበ በማግኔቱና በኮይሉ መካከል ያለውን ክፍተት መጀመሪያ ለኩ። የብረት ኮር ያለ ከረንትም ጥርስ ጥርስ እያለ ስለሚይዝ፣ ከረንቱን አጥፍታችሁ እዚያው ቦታ ላይ ያነበባችሁትን ቀንሱ፤ በአንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁም አትተዉት።