መርፌውን ከመያዝሽ በፊት ፊዚዮሎጂውን ተማሪ

ውድ እህቴ፣

ፊዚዮቴራፒ ልትመረቂ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። ሪያድ የሚኖረው ታላቅ ወንድምሽ “የስድስት ወር የአኩፓንክቸር (ቀጭን መርፌ በተመረጡ የሰውነት ነጥቦች ላይ የሚወጋበት የቻይና ሕክምና) ሥልጠና ውሰጂና ክሊኒክ ክፈቺ፤ ወጪው የእኔ ነው” ይልሻል። እናትሽ ነገሩ ጥንቆላ ይመስላቸዋል። አንቺ ደግሞ “መርፌው በእርግጥ አንጎልን ይነካል ወይስ እምነት ብቻ ነው?” ብለሽ ጠይቀሻል። ዕድሜዬን ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነትን አሠራር፣ ሳስተምር ስለኖርኩ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በዋዛ ማለፍ አልችልም።

አዎ፣ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት መንገዱን አሳይቷል። ቻይናውያን ዙሳንሊ በሚሉት፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ባለው ነጥብ በገባ መርፌ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍ መልእክቱ ወደ አንጎል ግንድ ይወጣል። ከዚያ አንጎልን ከልብና ከሆድ ዕቃ ጋር በሚያገናኘው በቬገስ ነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ወዳለው አድሬናል ዕጢ ይወርዳል፤ ዕጢው የሚያመነጨው ኬሚካልም ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) ያበርዳል። ያው ፍሰት ሆድ ላይ ሲሰጥ ይህን አያደርግም። በ2020 የወጣው የዚያው ቡድን ጥናት ደግሞ ሊያስጠነቅቅሽ ይገባል፦ ሆድ ላይ የሚሰጥ ጠንካራ ፍሰት ሲምፓቴቲክ ነርቮችን (ሰውነትን ለአደጋ የሚያነቁትን) ይቀሰቅሳል፤ ብግነቱ ከመነሳቱ በፊት ከሆነ ይረዳል፣ ከተነሳ በኋላ ከሆነ ያባብሳል።

ስድስት ወር የነጥቦችን ስም ለመሸምደድ ይበቃል። የት፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ የሚለውን ለመመለስ ግን አይበቃም።

በሰው ላይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጀርመን ጥናት የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 1,162 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ትክክለኛውን አኩፓንክቸር ካገኙት 47.6 በመቶ፣ የማስመሰያ መርፌ (ከነጥቦቹ ውጭ ላይ ላዩን የተወጋ) ካገኙት 44.2 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶ መሻሻል አሳዩ። በሽተኛሽ “ተሻለኝ” ሲልሽ ምስጋናው የነጥቡ ይሁን የእንክብካቤሽ በምን ትለዪዋለሽ? መለካት ካልቻልሽ አትለዪውም።

መለኪያው ሩቅ አይደለም። ጣትሽን የእጅሽ አንጓ ላይ አድርገሽ በዝግታ ተንፍሺ፤ አየር ስታስገቢ የልብ ምትሽ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስታስወጪ ይዘገያል። ያ መዋዠቅ በአብዛኛው የቬገስ ነርቭ ሥራ ነው። የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ኢሲጂ በምቶች መካከል ያለውን ጊዜ መዝግቦ ማንበብ የቻለ ባለሙያ ከመርፌው በፊትና በኋላ የሆነውን በወረቀት ላይ ያያል።

ስለዚህ ምክሬ በሕክምና ፊዚዮሎጂ ማስተርስ እንድትማሪ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጠዋል። አኩፓንክቸሩን ከዚያ በኋላ ቻይና ሄደሽም ቢሆን ተማሪው።

ወንድምሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። በስደት ላቡን አፍስሶ ያገኘው ገንዘብ ክቡር ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ የላከ ሁሉ ሙያ አይመርጥም። ክሊኒኩ ቢከስር እሱ ገንዘቡን ያጣል፤ በሽተኛ ብትጎጂ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ያ ሥልጠና የሙያ ፈቃድ ያሰጥ እንደሆነ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ሳትጠይቂ ከእሱ አንድ ሳንቲም አትቀበዪ።

ለእናትሽ መርፌው ቀጭን፣ ንጹሕና አንዴ ብቻ አገልግሎ የሚጣል መሆኑን አሳዪያቸው፤ ቀሪውን ጊዜ ይፈታዋል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርእስ ገና ካላስጸደቅሽ ደግሞ አማካሪሽን ዛሬውኑ ስለ ልብ ምት መዋዠቅ አነጋግሪ።