«ወንድሜ ሰው ሊያወጣ ሄዶ ለምን ሞተ?» (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? እኔ አረብ አገር በሰው ቤት ነው የምሰራው። በ2016 ሐምሌ ላይ በጎፋ ዞኑ የመሬት ናዳ ታናሽ ወንድሜን አጣሁ። የእኛ ቤት እንኳ አልተነካም ነበር፣ እሱ የተቀበረ ጎረቤት ሊያወጣ ሄዶ ነው ሁለተኛው ናዳ የወሰደው። ለቀብሩም አልደረስኩ። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አያደርግም፣ በአገሩ የተሰራ ኃጢአት ቢኖር ነው» ይለኛል። እኔም ምክንያቱን ባውቅ ሰላም የማገኝ ይመስለኛል። ልጸልይ ስቆም «ለምን?» ከማለት ሌላ ነገር ከአፌ አይወጣም። እምነቴን አጥቼ ነው? ኃጢአትስ ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የወንድምሽን ነፍስ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። ስለ ፍትሐቱና ስለ ተዝካሩ አልነግርሽም፣ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ ቤተሰብም አድርሶታል ብዬ አምናለሁ። ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው ደግሞ አይደለም፣ እምነትሽንም አላጣሽም፣ እምነት ያጣ ሰው'ኮ ማንን ብሎ ነው ለምን የሚለው?

እኔን ያሳሰበኝ «ምክንያቱን ባውቅ ሰላም አገኛለሁ» ያልሽው ነው። ይሄን ስንት ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። በ2009 መጋቢት አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር በሰው ቤት ላይ ሲናድ ሰምቼዋለሁ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 አውሮፕላናችን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ የተሳፈሩት 157ቱም ሲያልቁም ሰምቼዋለሁ። የአውሮፕላኑ ምክንያት'ኮ ተገኝቷል፣ ሴንሰሩ የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፣ በራሱ የሚሰራው ሲስተም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደታች ገፋው፣ ፓይለቶቹ ታግለው ታግለው አልሆነም። ያንን አጣርቶ ማወቅ ከዚያ በኋላ ለሚሳፈረው ሰው ሕይወት ነው፣ መጠየቅም ነበረበት። ግን ሪፖርቱን አንብቦ ስለጨረሰ ልቡ ያረፈለት አባት እስከዛሬ አላጋጠመኝም። የጎፋውም እንደዛው ነው፣ ክረምት ነው፣ ዝናቡ በርትቷል፣ መሬቱ ገደላማ ነው፣ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ለቀቀ። ይሄን ታውቂዋለሽ፣ አውቀሽም አላረፍሽም። ስለዚህ ጥያቄሽ «ምን ሆኖ ነው» ሳይሆን «እግዚአብሔር ያን ሰዓት የት ነበር» ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

የአገሩ ኃጢአት ነው ለሚሉሽ ጌታ ራሱ መልሶላቸዋል። በእርሱ ዘመን ሰሊሆም የሚባል ቦታ ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ፣ ያኔም ሰው የሚያስበው ይሄንኑ ነበር። ጌታ ግን እነዚህ 18ቱ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ነበሩ ይመስላችኋል ወይ ብሎ ጠየቃቸውና «አይደለም እላችኋለሁ» አለ (ሉቃ. 13፥4-5)። እዚህ ላይ «ቀጥሎ እኮ ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ ብሏል» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ፣ አዎ ብሏል፣ ግን ለማን ነው ያለው? ቆመው ለሚሰሙት ነው፣ የሞቱትን ፋይል አልከፈተም። ሰዶምስ ይሉኛል ደግሞ። እግዚአብሔር የፈረደበት ጊዜ መፍረዱን ራሱ ተናግሯል፣ እርሱ ላልተናገረው ፍርድ ግን እኛን ቃል አቀባይ አድርጎ የሾመን የለም። ሰው ገና አስከሬን እየፈለገ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ «ይሄ ቁጣ ነው፣ እኔ ቀድሜ አይቼው ነበር» የሚል ሰው እግዚአብሔርን ይፍራ፣ የእናቶች እንባ አለበት።

ወንድምሽን ደግሞ አስቢው እስኪ። ናዳው በደረሰበት በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው፣ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት በአካፋም በእጅም ሲቆፍሩ ሁለተኛው የመጣባቸው ናቸው። ጎረቤት አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የጤና ባለሙያ አለ። ጌታ ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም ብሏል (ዮሐ. 15፥13)፣ እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ይሄን ልጅ ነው ኃጢአት ገደለው የሚሉሽ? በዚህ ነገር ለስለስ ብዬ መናገር አልችልም እህቴ፣ ተሳስተዋል።

ኢዮብን ታውቂዋለሽ፣ ግን ሰው የሚያነበው ምዕራፍ 1ን እና መጨረሻውን ነው፣ መሃሉን ይዘለዋል። 10 ልጆቹ በአንድ ቀን ቤት ተንዶባቸው ነው ያለቁት። ወዳጆቹ መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ያ የመረጡት ትልቅ ነገር ነበር፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ ደራሽ ለሁላችንም ይስጠን። ችግሩ የመጣው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው፣ አንድ ነገር ብታጠፋ ነው፣ ልጆችህ በድለው ነው እያሉ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? ለምን ተወለድኩ እያለ በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጠበቃ በሆኑት በነዚህ ሰዎች ላይ ነው፣ «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅንን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም» አላቸው (ኢዮ. 42፥7)። ሌላም ነገር ልብ በዪ፣ በሰማይ ምን እንደተባለ እኛ አንባቢዎቹ ከምዕራፍ 1 ጀምረን እናውቃለን፣ ኢዮብ ግን እስከመጨረሻው አልተነገረውም። ምክንያቱን ሳይሰማ ነው ልቡ ያረፈው። «አሁን ግን ዓይኔ አየችህ» ነው ያለው።

የአልዓዛር እህቶችም ወንድም ነው የሞተባቸው፣ ማርታም ማርያምም ያሉት አንድ ቃል ነው፣ ጌታ ሆይ እዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር። ይሄ ወቀሳ ነው'ኮ! ጌታ አልገሰጻቸውም። ለማርታ ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ አላት፣ ከማርያም ጋር አለቀሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሳው እያወቀ ነው ያለቀሰው። ስለዚህ «ተስፋ ያለው ሰው አያለቅስም» የሚሉሽን አትስሚያቸው፣ ቅዱስ ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም።

የኛ ሰላም የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በር ዘግተው በተቀመጡበት ጌታ መጥቶ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ካላቸው በኋላ ያደረገው ነገር እጆቹንና ጎኑን ማሳየት ነበር (ዮሐ. 20፥19-20)። ሞትን አሸንፎ ተነስቶ ቁስሉን ግን አላጠፋውም። የት ነበር ላልሽው ጥያቄ እኔ የማውቀው መልስ ይሄ ነው፣ እርሱ ራሱ ተወግቶ፣ ሞቶ፣ ተቀብሮ መቃብር ውስጥ ገብቷል፣ ወንድምሽ የገባበት አፈር ለእርሱ እንግዳ ቦታ አይደለም፣ ከዚያ ያወጣዋል ብለን የምናምነውም ለዚህ ነው። ሰላሙ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ላይሰማሽ ይችላል፣ አንዳንዱ ቀን ይመጣል አንዳንዱ ቀን ይጠፋል፣ በጠፋ ቀን እግዚአብሔር ሄደ ብለሽ አትደምድሚ።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ ለጊዜው ረጅም ጸሎት አልሰጥሽም። ዳዊትሽን አውጪና መዝሙር 12ን አንብቢ፣ «አቤቱ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ» ይላል፣ ሲከፋሽ ደግሞ መዝሙር 87ን አንብቢ፣ እሱ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ነው የሚያልቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አውጥታ አልጣለችውም፣ ዛሬም ትጸልየዋለች። ያንቺ «ለምን» እዛ ውስጥ ተጽፎልሻል። ስራ በዝቶብሽ መቆም ካቃተሽ እያበሰልሽም በዪው። ለእናትሽ ስትደውዪ ደግሞ ስለሚላከው ብር ብቻ አውርታችሁ አትዝጉ፣ እንዳይከፋት ብለሽ ስሙን እንደምትዘይው እገምታለሁ፣ እሷም ላንቺ ብላ ትዘለዋለች፣ ስሙን ጥሩና አብራችሁ አልቅሱ። ምክንያት ከሚደረድርልሽ ሰው ጋር ግን ስልክ ላይ አትከራከሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለሽ ዝጊው።

የወንድምሽን የክርስትና ስም ጽፈሽ ላኪልኝ፣ በቅዳሴ እንዲታሰብ ለካህናቱ እሰጣለሁ፣ ያንቺንና የእናትሽንም ጨምሪ።