ሰው የሚለቀው መኪና ውስጥ ነው

«ድራመራችን ሊለቅ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አራት ከተማ የምንዞርበት ሥራ ተቀብለናል። ዘፈኖቻችን ረጃጅም ናቸው፣ ምታቸውም መሀል ላይ ይቀያየራል፤ ማንም ቶሎ አይዛቸውም። ሥራውን እንሰርዝ ወይስ ሰው እንፈልግ?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ባንድ ዘጠኝ ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቻለሁ። በዘጠኝ ዓመት አራት ድራመር፣ ሦስት ኪቦርዲስት፣ ሁለት ድምፃዊ አይተናል። ከመጀመሪያዎቹ የቀረነው እኔና ጊታሪስቱ ብቻ ነን፤ እሱም «መሄጃ አጥቼ ነው» ይላል።

ሥራውን አትሰርዙ። የእንግሊዙ ዬስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1972 እናንተ ያላችሁበት ቦታ ላይ ነበር። አልበም ቀድተው ለጉዞ ሊነሱ ሲሉ ድራመራቸው ቢል ብሩፎርድ ኪንግ ክሪምሰን ወደሚባል ሌላ ባንድ ሄደባቸው። የተተካው አለን ኋይት ዘፈኖቹን ለመያዝ ያገኘው ሦስት ቀን ነው፤ አንዱ ዘፈን ብቻውን 18 ደቂቃ ይፈጃል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከባንዱ አልወጣም። እርግጥ ኋይት ከቢትልሱ ጆን ሌኖን ጋር የተጫወተ ሰው ነው፤ እናንተ የምታገኙት ልጅ ያን ያህል አይሆንም። ግን ሦስት ቀንና ሦስት ሳምንትም አንድ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእኛ ባንድ ዘፈን ከብዶት የለቀቀ ሰው አላስታውስም። የለቀቁት ሁሉ መንገድ ላይ ነው የለቀቁት።

እኛ የምንበላው ከሰርግ ነው። ከጥምቀት በኋላ ጥር ሙሉ እንሠራለን፣ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ቁጭ እንላለን፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንነሳለን። የራሳችንን ባለ ሰባት ምት ዘፈን የምንጫወተው ሰርገኛው እራት ሲበላ ነው። አንድ ጊዜ ሞላሌ ላይ አንድ አባት እሱ ላይ እስክስታ ሊወርዱ ተነሱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ትከሻቸው ሲሰናከልባቸው ወደኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አንዷን ምት ማን በላት?» አሉኝ። እስካሁን የዘፈኑ ስም በኛ ቤት «የተበላው» ነው።

ሁለተኛው ድራመራችን የለቀቀው በጋቢና ወንበር ነው ብልህ ትስቅ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ሰርግ ሠርተን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሳን። ታች ሙቀት ስለነበር ሁላችንም በካናቴራ ነን። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ጭጋጉ መስታወቱን ሸፈነው፣ ብርዱ አጥንት ገባ። ድምፃዊው ጋቢና ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ድራመሩ ከኋላ ቤዝ ድራሙን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል፤ ሲምባሎቹ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይንቀጫቀጫሉ። በዚያ ላይ ድምፃዊው የዚያን ቀን ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን የሽልማት ብር ብቻውን ኪሱ ከቶታል። ድራመሩ አንድ ቃል አልተናገረም። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ዕቃውን አውርዶ ዱላዎቹን ብቻ ያዘና «በሉ ደህና እደሩ» አለ። በማግስቱ ስልክ አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ሽልማት እኩል ይካፈላል፣ ጋቢናም በተራ ነው። ድምፃዊው አኩርፎ ነበር፤ ቆይቶ እሱም ለቀቀ።

አዲስ ሰው ስትይዙ ታዲያ ልምምድ ቤት ብቻ አትፈትኑት፤ አንድ ሩቅ ሥራ ይዛችሁት ሂዱ። ሦስተኛውን የመረጥነው እንደዚያ ነው። ከሁለቱ ተፈታኞች የተሻለ እጅ የነበረው ሌላኛው ነበር። ግን ይሄኛውን ሸዋ ሮቢት ይዘነው ወረድን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ፤ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከብርድ ወደ ቆላ ትገባለህ። ብርድ ላይ የቃኘኸው ክር ሙቀት ሲያገኘው ይረግባል። መጀመሪያው ዘፈን መሀል ላይ የጊታሩም የቤዙም ቅኝት ወረደ። ልጁ ዞር ብሎ ፊታችንን አየ፣ ማንም ሳይነግረው ችክችካውን ብቻውን ያዘና ሰዉን አስጨበጨበ። እኛ ጀርባችንን ሰጥተን ቃኝተን ስንጨርስ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ አስገባን። ስንመለስ ደግሞ ደብረ ሲና ላይ ለሁላችን ቆሎ ገዛ። ባለ ሰባት ምቱን ለመያዝ ሁለት ወር ፈጀበት፤ እኛም ታገስነው።

ከውስጣችሁም እዩ። ድምፃዊው ፒተር ገብርኤል እ.ኤ.አ. በ1975 ጀነሲስ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ ሲለቅ ድምፃዊ ፍለጋ ብዙ ሰው ከፈተኑ በኋላ የዘፈነው ድራመራቸው ፊል ኮሊንስ ነው። እሱ ፊት ወጥቶ ሲዘፍን በ1976ቱ ጉዞ ድራም ላይ የተቀመጠው ደግሞ ያው ከላይ ያነሳሁት ብሩፎርድ ነበር።

የሚለቀውን ልጅ በክፉ አትሸኙት። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ከኛ አንድ ሰው ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ይመለሳል። የመጀመሪያው ድራመራችን አራተኛውም እሱ ነው። ሁለት ማታ ከአዲሱ ጋር እንዲቀመጥ ለምኑት፣ ክፈሉትም። ምቱ የት ላይ እንደሚቀየር ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሲጫወት በስልክ ቅዱት። እኛ ይህን የተማርነው ኪቦርዲስታችን ከነኪቦርዱ ሲሄድ ነው። ስድስት ዓመት የሰበሰብናቸው ሳውንዶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ኪቦርዱ የራሱ ስለሆነም ምንም ማለት አልቻልንም።

ለነገሩ ድራሙ የማን እንደሆነ አልጻፍክም። የሱ ከሆነ ከሰውም በፊት ድራም ፈልጉ። እኛ ጋ አንድ ትርፍ ስኔር፣ ትንሹ ድራም፣ አለ፤ ቆዳው ትንሽ ላልቷል እንጂ ይሠራል። በደብረ ብርሃን የምታልፉ ከሆነ በውስጥ ጻፍልኝና ውሰዱት።