ሚሊ ሜትር የሚበላው ድሪቶ

የድሪቶ ንድፍ ለማውጣት እርሳስ ላነሣችሁ ልጆቼ፤

"ድሪቶ" የሚለው ቃል አሳፍሯችሁ "ኪልት" የምትሉ አላችሁ። ገዢ የሚገባው በዚያ ከሆነ በሉት። እኔ ግን ድሪቶ ነው የምለው። በአገራችን የማጣት ምልክት ሆኖ መኖሩ እውነት ነው፤ ያለቀ ጋቢና የተቀደደ ሱሪ ተደራርቶ የሚለበስ የብርድ መከላከያ ነበር። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችም ከአሮጌ የሥራ ልብስ የደረቱት ለዚያው ለብርዱ ነው። ያው ድሪቷቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስለዚህ ስሙን ለመቀየር ከምትደክሙ ልኩን አስተካክሉ።

ሰፊና ንድፍ አውጪ አንድ አይደሉም። ሰፊ ቢሳሳት ፈትቶ ይመልሳል፣ የጎደለውን ከጎን ይቀጥላል፣ ደንበኛውም ሳያውቅ ያልፋል። እናንተ የምትሸጡት ወረቀት ነው። ወረቀቱን የገዛችው ሴት አዲስ አበባ ዳር፣ አያት ሰፈር ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ቤቷ ተቀምጣ፣ እናንተ በሌላችሁበት፣ ጨርቋን በቃላችሁ ትቆርጣለች። ከዚህ ሥራ ሥዕሉ ትንሹ ክፍል ነው። ቀኑን የሚበላው ሒሳቡ፣ ሙከራው፣ ጽሑፉን አሥሬ ማረሙ ነው።

ከሒሳቡ ሁሉ የሚቀድመው የስፌት ትርፍ፣ ማለትም ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ዳር የሚቀረው፣ ነው። እኛ ጋ ሰፊው እጁ የለመደው 1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአሜሪካ ድሪቶ ሠሪዎች የሚይዙት ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ችግሩ የኢንች ንድፍ አምጥታችሁ ቁጥሩን በ2.54 ብቻ አባዝታችሁ ስትሰጡ ነው። ሰፊው በልማዱ 1 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ስፌት፣ ከሁለቱም ጨርቅ ተደምሮ፣ 7.3 ሚሊ ሜትር ይሰወራል። ንድፍ በሜትር ሲገለበጥ ከተሰፋው ልክ ተነሥቶ ትርፉ እንደገና ይታሰባል እንጂ ቁጥር ብቻ አይተረጎምም።

ትንሿ ስሕተት ምን እንደምትሠራ በቅርብ እዩት። በአንድ ረድፍ 12 ካሬ ካለ 11 ስፌት አለ። ሰፊዋ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍታ ብትይዝ ከአንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ረድፉ በ22 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ዙሪያውን የሚሄደው ክፈፍ ግን ከአንድ ወጥ ጨርቅ የተቆረጠ ስለሆነ አያጥርም፤ ሲገጠም ይተርፋል፣ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሸበሸባል። ሴትዮዋ ንድፉን ትወቅሳለች፤ ግማሽ እውነት አላት። ወረቀታችሁ ላይ "ክፈፉን ከመቁረጣችሁ በፊት የተሰፋውን መሀል ለመሀል ለኩ" ብላችሁ መጻፍ ነበረባችሁ። ዳሩን እንዳትለካ፤ ዳር ሲጎተት ይለጠጣል። ከሁሉ በፊት ደግሞ መሞከሪያ አሠሯት፦ ስፋታቸው 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ቅዳጅ ጎን ለጎን ይሰፉ፤ መሀለኛው ልክ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ጠቅላላው 11 ከሆነ እጇ ደህና ነው።

ይህች ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ የምትገባው ከስፌቱ በፊት ነው። ለማስመሪያ የምንይዘው የሳሙና ስባሪ ጠርዙ ሲደነዝዝ 2 ሚሊ ሜትር የወፈረ መስመር ያሠምራል። መቀሱ በመስመሩ ውስጥ ይሂድ ወይስ ውጪ? ካልነገራችኋት አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ትቆርጣለች። ልክ ማውጫ ካርቶንም ደጋግሞ ሲሠመርበት ጥጉ ይዶለዱማል። ያረጀ የራጅ ፊልም ከተገኘ ከካርቶን እጅግ ይሻላል፤ አይበላም፣ ጨርቁንም ከሥር ያሳያል።

አሁን ወደ ጨርቅ መጠን እንምጣ፤ ጀማሪ የሚዋረደው እዚህ ነው። 150 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ አልጋ ልብስ ንድፍ አላችሁ እንበል፤ ባለ 25 ሳ.ሜ. ብሎክ (እየተደጋገመ ድሪቶውን የሚሞላው ካሬ)፣ 6 ወደ ጎን፣ 8 ወደ ታች፣ 48 ብሎክ። እያንዳንዱ ብሎክ በሰያፍ ለሁለት የተከፈሉ፣ ግማሹ ጠቆር ግማሹ ነጣ ያለ፣ 4 ካሬዎች አሉት። ድምሩ 192። አሠራሩ ይታወቃል፦ ጥቁሩና ነጩ ካሬ ፊት ለፊት ይነባበራሉ፣ በሰያፍ መስመር ይሠመራል፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ1 ሳ.ሜ. ይሰፋል፣ መስመሩ ላይ ይቆረጣል፤ ከአንድ ጥንድ ሁለት ይወጣል። ስለዚህ ከየቀለሙ 96 ካሬ ያስፈልጋል። ሲቆረጥ የካሬው ልክ ከተሰፋው ልክ በ3.4 ሳ.ሜ. ይበልጣል፤ 3.5 አድርጉትና ከተሰፋ በኋላ ከርክሙት። (በሩብ ኢንች ለሚሰፉ ጭማሪው ሰባት ስምንተኛ ኢንች ነው።) እንግዲህ 12.5 ሲሰፋ የሚቆረጠው 16፣ የሚከረከመው ወደ 14.5 ነው።

ብዙ ወጣት እዚህ ላይ 96 በ16 በ16 አባዝቶ፣ ለጨርቁ ስፋት ለ110 አካፍሎ፣ 2 ሜትር ከ23 ይጽፋል። ስሕተት ነው። ጨርቅ ውኃ አይደለም፤ ካሬው በጥቅሉ ስፋት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል ነው ጥያቄው። 110 ውስጥ 16 የሚገባው 6 ጊዜ ነው፤ 14 ሳ.ሜ. ዳር ላይ ይቀራል። 96 ካሬ 16 ረድፍ ይሆናል፣ 16 ረድፍ 2 ሜትር ከ56። በእናንተ ወረቀት ጨርቅ የገዛች ሴት 33 ሳ.ሜ. ይጎድላታል፤ መርካቶ ስትመለስ ያ ቀለም አልቋል።

እዚሁ ላይ ብልሃት አለ። ካሬውን 12 ሳ.ሜ. ብታደርጉት የሚቆረጠው 15.5 ይሆናል፤ 110 ውስጥ 7 ጊዜ ይገባል። 14 ረድፍ፣ 2 ሜትር ከ17። ከየቀለሙ 39 ሳ.ሜ. አተረፋችሁ። መሀሉ 144 በ192 ይሆናል፤ ዙሪያውን 3 ሳ.ሜ. ክፈፍ ስትሰጡት 150 በ198። ንድፍ የሚባለው ይኼ ነው፤ ከጨርቁ ስፋት ተነሥቶ ማሰብ። ከዚያ ሲታጠብ ለሚገባውና ለስሕተት ጨምሩና ወደ ላይ አጠጋግታችሁ ጻፉ። ጠቅልላ የምትገዛው ጨርቅ 150 ስፋት ያለው ሊሆን ስለሚችል የሁለቱንም ስፋት መጠን ጻፉላት።

ገበሩም እንዲሁ ነው። ከላዩ በየአቅጣጫው 10 ሳ.ሜ. መብለጥ አለበት፤ ለዚህኛው 170 በ218። ሁለት ቁራጭ ወደ ታች አቁማችሁ ብትቀጥሉ 4 ሜትር ከ36 ይፈጃል፤ ወደ ጎን አጋድማችሁ ብትቀጥሉ 3 ሜትር ከ40 ይበቃል።

ስለ ጨርቁ ዓይነት ጥቂት ልበል። አቡጀዲ ርካሽና ደግ ነው፤ ግን ሳይታጠብ አይነካም። 20 በ20 ቆርጣችሁ ድሩ በየት በኩል እንደሚሄድ ምልክት አድርጉበት፣ እጠቡ፣ በካውያ ተኩሱ፣ ለኩ። 19 ከሆነ 5 በመቶ ገብቷል ማለት ነው። ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርባችሁበት ተኩሱ፤ ነጩ ከቀላ ድሪቶውም ይቀላል። ጨው ወይም ኮምጣጤ ያስይዘዋል የሚሉትን አትመኑ፤ ውኃው እስኪጠራ ማጠብ ነው ያለው። እንደ ቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካ ባለበት አካባቢ የሚገኘው ቁርጥራጭ ያጓጓል፤ ነገር ግን ብዙው የቲሸርት ጨርቅ ነው። ጎትታችሁ ከተለጠጠ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ከፖፕሊን ጋር አንድ ላይ ከተሰፋ ፖፕሊኑን ያኮማትረዋል። በካሬ ሜትር 120 ግራም የሚመዝን ፖፕሊን በኪሎ 8 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በቁርጥራጭ ስትገዙ ግን ቀጫጭኑና ጠማማው ሲጣል የሚተርፈው ከዚያ ብዙ ያንሳል። መጠን ስትጽፉ በኪሎ አትጻፉ።

ቀለም የሚመረጠው ጠዋት መስኮት አጠገብ ነው፤ ማታ አምፖል ሥር የመረጣችሁት ቡናማ ሲነጋ ሐምራዊ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሁለት ቀለም ይለያዩ እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፤ በፎቶው ከተመሳሰሉ ከሩቅም ንድፉ አይታይም። ከከተማው ዳር መብራት ይሄዳል፤ በሚሊ ሜትር ወረቀት መንደፍን ያልለመደ ያን ቀን ሥራ ፈት ነው። ካውያውም ይቆማል፤ የሚተኮሰውን ሰብስባችሁ መብራት ሲመጣ በአንድ ጊዜ ጨርሱት። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ላይ ካውያውን ጫኑት እንጂ አትግፉት፤ ከገፋችሁት ካሬው አራት ማዕዘንነቱን ይረሳል።

ለመሀሉ ሙሊት ባዘቶ የሚያህል የለም፤ ቀላልና ሞቃት ነው። ግን ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ባለ ርቀት ካልተሰፋ ሲታጠብ ይሸሽና ጥግ ላይ ይቋጠራል። ፋብሪካ ያወጣው ፋይበር 15 ሳ.ሜ. ድረስ ይታገሣል። ርቀቱን ንድፉ ላይ ጻፉ፤ ሰፊዋ ሲደክማት የምታሰፋው እሱን ነውና። ወፍራም ሙሊት ለጥቅምትና ለኅዳር ውርጭ ደግ ቢሆንም ክረምት ከታጠበ አይደርቅም፣ ይሸታል። ሦስቱ ንጣፎች ከመሰፋታቸው በፊት በረጅም ክር ከመሀል ወደ ዳር ይወስወሱ፤ ከዳር ከጀመሩ ገበሩ መሀል ላይ ይታጠፋል፣ ያንን የምታዩት ገልብጣችሁ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

አሁን ስለ መንገዱ። ንድፍ አውጪ ይዞራል፤ ግን ለማየት ብቻ ከዞረ የታክሲ ገንዘብ ያባክናል። 30 ሳ.ሜ. ማስመሪያ፣ ባለ ካሬ ደብተርና 10 በ10 ሳ.ሜ. የሆነ ነጭ ካርድ ያዙ። ካርዱን ልክ እንዲያሳይ ከዕቃው አጠገብ አድርጋችሁ ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሡ፤ ከጎን የተነሣ ፎቶ ካሬውን ያጣምመዋል። አስፈቅዱ ደግሞ፤ ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሥራ ሳትጠይቁ ብታነሡ ቢቆጡ እውነታቸውን ነው።

ጥለት ለእኛ ሥራ የተመቸ ነው። በድርና በማግ ስለሚወጣ መስመሩ ከሩቅ ሰያፍ ቢመስልም ቀርባችሁ ስታዩት ደረጃ ደረጃ ነው። ደረጃውን ቁጠሩ። ወገቡ ላይ 9 ደረጃ ያለው አልማዝ መሰል ቅርጽ በ9 በ9 ካሬ ውስጥ ይገባል፤ 41 ካሬ በቀለሙ፣ 40 በመደቡ። ካሬው ተሰፍቶ 4 ሳ.ሜ. ከሆነ ስፋቱ 36 ይሆናል። ግን ልብ በሉ፦ 4 ለመስፋት 6 ትቆርጣላችሁ፤ ከ36 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚታየው 16 ነው፣ ከግማሽ በላዩ ስፌት ውስጥ ይቀራል። በ1 ሳ.ሜ. ትርፍ ከ4 በታች አትውረዱ። ካሬዎቹንም አንድ በአንድ አታሰፉ፤ 6 ሳ.ሜ. የሆኑ ረጃጅም ቅዳጆች ጎን ለጎን ተሰፍተው አግድም በ6 ይቆረጡ።

ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቻላችሁ ሂዱ። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተደረደረውን የሣር ስፌት ማየት ዋጋ አለው። ነገር ግን የሣር ስፌት ክብ ነው፣ ሲጠቀለል የሚያድግ፤ በካሬ አይያዝም። በ16 ሽብልቅ ከከፈላችሁት እያንዳንዱ 22.5 ዲግሪ ነው። በእያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ ብታሳንሱ ዙሪያው 8 ዲግሪ ይጎድላል፤ ጨርቁ አልነጠፍ ብሎ መሀሉ ይሾላል። ገበታ ልትሰፉ ጀምራችሁ የመሶብ ክዳን ይወጣላችኋል። 16 ጫፍ የሚገናኝበት መሀሉም 32 የስፌት ትርፍ ተደራርቦ መርፌ ይሰብራል፤ መሀሉን ቆርጣችሁ አውጡና ክብ ጨርቅ ድረቡበት።

ከላሊበላ የመስቀል ቅርጽ የምታመጡም ትኖራላችሁ፤ ያምራል፣ ግን ሰው የሚቀመጥበትና እግሩን የሚዘረጋበት አልጋ ልብስ ላይ መስቀል የማይወዱ ብዙ ናቸው። ለግድግዳ አድርጉት።

ንድፉ ሲያልቅ ለሦስት ሰው ስጡ፦ ድሪቶ ሰፍታ ለማታውቅ፣ ልብስ ሰፊ ለሆነ፣ ሥራውን ለምታውቅ። ጨርቁን እናንተ ግዙ፤ ድካማቸውንም ክፈሉ። አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አፋችሁን ግን ያዙ። ሰፊው ቆም ብሎ ወረቀቱን ደግሞ ያነበበበትን መስመር ምልክት አድርጉ፤ ባይጠይቃችሁም ያ መስመር መታረም አለበት። ካስረዳችሁት ፈተናው ፈርሷል።

በመጨረሻ ማተም። እዚህ ማተሚያ ቤት ያለው ወረቀት ኤ4 ነው፣ 21 በ29.7 ሳ.ሜ.፤ አሜሪካ ያለችው ገዢ የምታትምበት 21.6 በ27.9 ነው፣ ሰፋ ብሎ አጠር ያለ። ማተሚያው ከወረቀቱ ለማስማማት ልኩን ሳይነግራት ያሳንሰዋል። ልክ ማውጫውን ከሁለቱም ወረቀት ዳር 2 ሳ.ሜ. ገባ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ 5 በ5 ሳ.ሜ. ካሬ ሥሉና ከጎኑ "ይህን ለኩ፤ 5 ካልሆነ አትቁረጡ" ብላችሁ በወፍራሙ ጻፉ።