ሁሉን ዲስክ የሚቀበል ሳጥን ለምትሠሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሳታ፣ ሳስና ኤንቪኤምኢ የሚባሉትን ሦስት የዲስክ ዓይነቶች (የሚለያዩት ከኮምፒውተሩ ጋር በሚገናኙበት መንገድ ነው) በአንድ ስሎት የሚቀበል ሳጥን ልትሠሩ ስትነሡ መጀመሪያ የምትስሉት የኮኔክተሩን ቅርጽ ነው። እኔ ግን ከኃይሉ እንድትጀምሩ እመክራችኋለሁ። ዲስኮቹ በአንድ በር ይግቡ እንጂ ከአንድ ማዕድ አይበሉም።

ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ሞተሩን ሲያስነሣ ከ12 ቮልቱ መስመር ወደ 2 አምፔር ይስባል፤ አንዴ ከተነሣ በጠቅላላው 8 ዋት ገደማ ይበቃዋል። የሳታ ኤስኤስዲ (ሞተር የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) 12 ቮልቱን አይነካውም፤ ቀለቡ በሙሉ ከ5 ቮልቱ ነው። ባለ 2.5 ኢንች ኤንቪኤምኢ ደግሞ ከ12 ቮልቱ እስከ 25 ዋት ይወስዳል፣ ያውም ሳያቋርጥ። ለሃርድ ዲስክ ብቻ አስልቶ 5 ቮልቱን ያሳነሰ ሰው ሳጥኑ ኤስኤስዲ የተሞላበት ቀን ይጋለጣል። ሥራው ቀላል ሲሆን ችግሩ አይታይም። ሁሉም ባንዴ መጻፍ ሲጀምሩ ቮልቴጁ ይወርድና ሁለት ሦስት ዲስክ በአንድ ቅጽበት ከሬይድ (ብዙ ዲስኮች እንደ አንድ ከሚሠሩበት ቅንጅት) ይወጣሉ። ከዚያ ጥፋቱ በዲስኮቹ ይላከካል። እያንዳንዱን መስመር በጣም ለሚበላው ዓይነት አስሉት።

12 ሃርድ ዲስክ ባንዴ ቢነሣ 24 አምፔር ማለትም 288 ዋት ይፈልጋል፤ ከተነሣ በኋላ ግን 100 ዋት እንኳ አይሞላም። ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ብላችሁ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ አትግዙ፤ ተራ በተራ አስነሡ። በሳታ የፓወር ኮኔክተር 11ኛዋን ፒን ከግራውንድ ካገናኛችኋት ዲስኩ ኃይል እንዳገኘ ይነሣል። ክፍት ከተዋችኋት ኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን የሚያዘው ካርድ) እስኪጠራው ይጠብቃል።

ሦስተኛዋ ፒን ለብቻዋ ትነገር። ከ15ቱ ፒኖች የመጀመሪያዎቹ 3 ድሮ የ3.3 ቮልት ነበሩ። ከሳታ 3.3 ወዲህ ግን ሦስተኛዋ ዲስኩን የማጥፊያ ምልክት ሆናለች። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ 3.3 ቮልቱን ሲልክባት እንዲህ ያለው አዲስ ዲስክ አይሽከረከርም፣ ድምፅ የለውም፣ ባዮስም አያየውም፤ ሰውም «ሞቶ መጣ» ብሎ ወደ ሻጩ ይመልሰዋል። ፒኗን በካፕቶን ቴፕ መሸፈን ለቤት ኮምፒውተር ያዋጣል። ዲስክ በሚወጣና በሚገባበት ስሎት ግን ቴፑ ይላጣል፣ ሙጫውም ሶኬቱ ውስጥ ይቀራል። እናንተ ከጅምሩ 3.3 ቮልት ወደዚያች ፒን እንዳይደርስ አድርጉ።

ወደ ቅርጹ እንምጣ። የሳታ ዲስክ በሲግናሉና በፓወሩ ፒኖች መካከል ክፍተት አለው። ሳስ ያንን ክፍተት ደፍኖ ከጀርባው 7 ፒን ጨምሮበታል፤ ሁለተኛው ፖርቱ እሱ ነው። ስለዚህ የሳስ ሶኬት ሁለቱንም ይቀበላል፣ የሳታ ሶኬት ሳስን አያስገባም። ኮንትሮለሩም የሳስ ይሁን፤ የሳታ ኮንትሮለር ከሳስ ዲስክ ጋር መነጋገር አይችልም። በገመድ ርዝመት ግን በሳታ ተገዙ፤ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ከ1 ሜትር አትለፉ። በስማርት (ዲስኩ ስለ ጤንነቱ በሚይዘው መዝገብ) ቁጥር 199፣ ማለትም የመረጃ ዝውውር ስሕተት ቆጣሪው፣ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩን ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱንና ኮኔክተሩን ጠርጥሩ።

የባለ 2.5 ኢንች ኤንቪኤምኢ ሁለቱ ማገናኛዎች፣ ዩ.2 እና ዩ.3፣ ሲታዩ መንታ ናቸው። የዩ.3 ዲስክ በዩ.2 ስሎት ይሠራል። የዩ.2 ዲስክ ግን ለዩ.3 ብቻ በተዘረጋ ባክፕሌን (የስሎቶቹ ሶኬቶች ባሉበት የኋላ ሰሌዳ) ላይ ገብቶ ዝም ይላል። ገዢው ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ትሬዩ (ዲስኩ የሚታሰርበት መሳቢያ) ላይ ጻፉለት።

ትሬዩን ስትሠሩ ደግሞ ትልቅ አቅም ካላቸው ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች ብዙዎቹ መካከለኛውን የብሎን ቀዳዳ መተዋቸውን አትርሱ። ባለ 2.5 ኢንቹ በትልቁ ትሬይ ሲታሰር ኮኔክተሩ በትክክል ሶኬቱ ፊት መዋል አለበት። ጎኑ ላይ በሚቀረው ባዶ ቦታ አየሩ አምልጦ ዲስኩን ሳይነካ ያልፋል፤ በትንሽ መጋረጃ ዝጉት፣ ባዶ ስሎቶችንም ክደኑ።

ስለ አየር ካነሣን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከጅቡቲው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ለሰርቨር ክፍል የተለመደው ደንብ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የሙቀት ጣሪያ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ «35 ዲግሪ» የተባለው ሳጥን እዚህ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። የሃርድ ዲስኩ ራስ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ አምራቾች የከፍታ ገደብም ያስቀምጣሉ፤ የተለመደው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው።

የመብራት መቆራረጡ የሌላ ጊዜ ወሬ ይሁን፤ ግን ኤስኤስዲ ስትመርጡ ኃይል ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለውን ፈልጉ። ከአሮጌ ስቶሬጅ የወጣ ሳስ ዲስክ ሲገዛ በ520 ባይት ሴክተር (ዲስኩ መረጃ በሚይዝበት ትንሹ ክፍል) ተፎርማቶ ሊመጣ ይችላል። ሲሰካ ሲስተሙ ያየዋል፣ መጠኑን ግን 0 ይለዋል። መፍትሔው በ512 እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። ሰዓታት ይፈጃል፣ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት።

ሳጥኑን ከማስረከባችሁ በፊት የሦስቱንም ዓይነት ዲስክ ቀላቅላችሁ ሙሉት። ሁሉም እየጻፉ ሳለ አንዱን ነቅላችሁ መልሱና የጎረቤቱን ስሎት 12 ቮልትና 5 ቮልት በኦሲሎስኮፕ እዩ። መስመሩ ከ5 በመቶ በላይ ካጎነበሰ፣ ለእያንዳንዱ ስሎት ኃይሉን ቀስ አድርጎ የሚለቅ የሆት-ስዋፕ ቺፕ አስገቡና ሙከራውን ከአንደኛው ስሎት ጀምሩት።