እንግሊዞቹስ ግራመር ይማራሉ እንዴ?

ባለፈው ስለ ልጆች የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። አራቱን መርጫለሁ፤ መብራት ሳይጠፋ ልመልስ። ያለሁት ኮዬ ፈጬ ነው፣ የሚያውቅ ያውቃል።

«ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። ፕረዘንት ፐርፌክት (ያ «አይ ሃቭ ኢተን» የሚሉት የግስ ጊዜ) ምንድነው ሲሏት እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ሰው በእንግሊዝኛ ካናገራት ግን አፏ ይተሳሰራል። የእንግሊዝ ልጆችም የሚማሩት እንዲህ ነው?» (አባት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

ስሙን ይማራሉ። አጠቃቀሙን ግን እቤታቸው ጨርሰውት ነው የሚመጡት። እንግሊዝ አገር ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግራመርን ትተውት ነበር፤ በዚያ ዘመን ከተማሩት ውስጥ የግስ ጊዜያትን ስም መጀመሪያ የሰማው ፈረንሳይኛ ሲማር የሆነ ስንት ሰው አለ መሰለዎት። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ግን አንደኛ ደረጃን ለሚጨርሱ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች የግራመር፣ የሥርዓተ ነጥብና የስፔሊንግ ፈተና መጣ። አሁን የ8 እና የ9 ዓመት ልጅ «ፍሮንትድ አድቨርቢያል» የሚባል ነገር ይማራል። በእኛው ብናየው «ትናንት ማታ ዝናብ ዘነበ» ስንል ፊት የመጣችው «ትናንት ማታ» ናት። ልጁ እንዲህ ብሎ ማውራት ከጀመረ ቆይቷል፣ አሁን ያወቀው ስሟን ብቻ ነው። እዚያም ወላጆች ይሄ ምን ይጠቅማል እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

የእርስዎ ልጅ ስሙንም አጠቃቀሙንም አንድ ላይ ነው የተሸከመችው። ፈተናው የሚጠይቃት ደግሞ ስሙን ነው፣ እና ያንኑ ትሸመድዳለች። ስለዚህ ውሃ በመጣ ቀን «ሃቭ ዩ ፊልድ ዘ ጀሪካን?» ብለው ይጠይቋት። ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ «የስ፣ አይ ሃቭ» ስትል ነገሩ ይገባታል።

«'አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ' ብዬ ብጽፍ መምህሩ በቀይ ሰረዘው። ለምን ስለው 'ሕጉ ነው' አለኝ።» (የማታ ተማሪ፣ ከሰበታ)

ጥፋቱ የአማርኛህ ነው፣ አይዞህ። እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ማንም አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን ያለቀ ጊዜ በስሙ ከጠራህ፣ ትናንት ወይም አምና ካልክ፣ «ሃቭ»ን አይቀበልም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ» ነው የሚባለው። «ዛሬ» ወይም «በዚህ ሳምንት» ብትል ኖሮ ጊዜው ገና ስላላለቀ ያስኬድህ ነበር። እንግሊዛዊ ልጅ ይህን ሕግ የሚነግረው አያስፈልገውም፣ ጆሮው ይነግረዋል። የእኛ ጆሮ ደግሞ የሚነግረን አማርኛውን ነው፤ መምህሩ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጥልህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«'ዘ' መቼ ነው የምትገባው? ሰለቸችኝ።» (ባጃጅ ሾፌር፣ ከለገጣፎ)

ግማሹን ታውቀዋለህ። «ቤት» እና «ቤቱ» ይለያያሉ አይደል? ያቺ «ኡ» ብዙ ጊዜ «ዘ» ናት። ብዙ ጊዜ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ «ቤቱ» የእሱ ቤት ማለትም ይሆናል፣ ያኔ «ሂዝ» ነው። እኛ «ፀሐይ ወጣች» ብለን ስናልፍ ደግሞ እነሱ «ዘ ሰን» ይላሉ። የቀረውን ማንበብ ነው የሚያስተምርህ።

«ለልጄ አስጠኚ ልቀጥር ነው። ካናዳ ያደገ ወጣት አለ፣ የሰፈራችን የእንግሊዝኛ መምህርም አሉ። ማን ይሻላል?» (እናት፣ ከአያት)

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። «አልበላሁም» ስንል መጨረሻ ላይ «ም» አለች፣ «ካልበላሁ» ስንል የት ሄደች? «እንዲያው ነዋ የሚባለው» አሉ አይደል? አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ግን ይህን እንደ ሕግ ደብተሩ ላይ ጽፎታል። ካናዳ ያደገውም ልጅ ስለ እንግሊዝኛው ሲጠየቅ እንደ እርስዎ ነው የሚመልሰው። መምህሩ ራሳቸው ተሰናክለው ስላለፉ ድንጋዩ የት እንዳለ ያውቃሉ። ለግራመሩ እሳቸውን ይያዙ። ወጣቱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጅዎ ጋር ኳስ ይጫወት፣ በእንግሊዝኛ እየተጯጯሁ።